ግራ እጅ ቀኙን ሲደግፍ

ቬሎር ከተማ የሚነጋው በመጥረጊያ ድምፅ ነበር። ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ፣ ከተከራየሁት ክፍል መስኮት ሥር በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ላይ ሴቶች ደጃፋቸውን ይጠርጋሉ፤ ውኃም ይረጩበታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከትንሽ ጣሳ ነጭ የሩዝ ዱቄት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየቆነጠሩ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ነጥብ በነጥብ ይደረድራሉ። ቀጥሎ በነጥቦቹ መሀል የሚሽሎከለክ፣ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት የሚገጥም መስመር ያፈሳሉ። ይህን ሥዕል ኮላም ይሉታል። ቀን ላይ እግርና ጎማ ይረግጠዋል፤ ጉንዳንና ወፍ ዱቄቱን ይለቅሙታል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሴቶቹ ተመልሰው እዚያው ደጃፍ ላይ ጎንበስ ይላሉ።

ያን ጊዜ ሥዕሉ ደስ ስላለኝ ብቻ ነበር በመስኮት የማየው። አንዲት እናት ያን መስመር መልሰው ለመሳል ስንት ሳምንት እንደሚታገሉ፣ እኔም ከሳቸው ጋር ስንት ነገር እንደምማር አላወቅሁም።

ደቡብ ህንድ የገባሁት በ2007 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ የነቢያት ጾም በያዘበት ሳምንት ነው። ለንደን ውስጥ የኦኩፔሽናል ቴራፒ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ይህን ሙያ የሚማር ሰው ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 1000 ሰዓት ከታካሚዎች ጋር በተግባር መለማመድ አለበት፤ የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን መስፈርት ነው። እኛ የመጨረሻዎቹን ስምንት ሳምንታት ውጭ አገር እንድናሳልፍ ይፈቀድልን ነበር። አብዛኞቹ ጓደኞቼ አውስትራሊያንና ካናዳን መረጡ። እኔን ወደ ህንድ የሳበኝ አባቴ ነው። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ሒሳብ ያስተማሩት ከኬረላ የመጡ መምህር ነበሩ። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ እንደሳቸው ያሉ ብዙ ህንዳውያን መምህራን ነበሩና፣ የዚያ ትውልድ ሰው ስለ ህንድ ሲነሣ ፊቱ ይፈታል። አባቴም መሄዴን ስነግረው፣ «ጥሩ። እነሱ አንድን ነገር እስኪገባሽ ድረስ አሥር ጊዜ ቢያስረዱሽ አይሰለቻቸውም» አለኝ።

ከቼናይ ወደ ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር ተጉዤ ቬሎር አጠገብ ካለው ካትፓዲ ጣቢያ ወረድኩ። ከጣቢያው ደጅ ቢጫ ባለ ሦስት እግሮች ተሰልፈዋል። ደሴ ያለሁ ያህል «ባጃጅ!» ብዬ ተጣራሁ። ሾፌሩ ግር ብሎት አየኝ። እኛ ለተሽከርካሪው ያወጣንለት ስም የህንዱ ፋብሪካ ስም ነው፤ እዚያ ግን «አውቶ» ይሉታል። ሻንጣዬን ሲጭንልኝ የጠየቀኝ ቃል የመጀመሪያው የታሚል ትምህርቴ ሆነ፤ «ሳፕቲንጋላ?» በልተሻል ወይ? ማለት ነው። እዚያ አገር ሰው ሲገናኝ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል። ዘበኛው ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ አልጋ ላይ ያለ ታካሚም ይጠይቃል። ለንደን ሰባት ዓመት ስኖር ከእናቴ በቀር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥያቄው በመጣ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።

ቀኔ የሚጀምረው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ መንገድ ዳር ካለች ቁርስ ቤት ነው። ኢድሊና ዶሳ የሚሠሩት ሩዝና ምስር መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ አድሮ፣ ቦክቶ ነው። የሊጡ ሽታ ገና ከደጅ ሲቀበለኝ የእናቴን ቡሃቃ ያስታውሰኛል። ጾመኛ መሆኔ ደግሞ እንደፈራሁት አላስቸገረኝም። «ቅቤ የለ፣ እርጎ የለ፣ ወተት የለ» ስል አስተናጋጁ «ጾም ነው?» ብሎ ይረዳኛል፤ እነሱም ለአምላካቸው ይጾማሉ። ቡናቸው ብቻ አከራከረን። በወተት ይፈላል፣ ከብረት ኩባያ ወደ ብረት ሳሕን ከፍ ዝቅ እየተደረገ ይገለባበጣል፣ አረፋ ያወጣል። ጥቁሩን ስጠይቅ የቤቱ ባለቤት እያዘኑ ይቀዱልኝ ነበር። ቡና የእኛ አገር ተክል መሆኑን አንድ ቀን ስነግራቸው፣ ከዚያ ወዲያ ሒሳብ አልተቀበሉኝም።

2 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ሥራ እንገባለን። ደሴ ያሉ ዘመዶቼ «ምንድን ነው የምትማሪው?» ሲሉኝ በአንድ ቃል መመለስ ያቅተኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ የታመመው ክንድ እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ ይደክማል። እኛ ደግሞ ያ ክንድ ፊት እንዲያጥብ፣ እንዲያጎርስ፣ ልብስ እንዲያስር፣ ሰውየው ቀድሞ ወደሚያውቀው ውሎው እንዲመለስ እንሠራለን። ስለዚህ የሰውየውን ሕመም ብቻ ሳይሆን ውሎውን ማወቅ አለብን። ምን ላይ ይቀመጣል? በምን ይበላል? ቤቱ ስንት ደረጃ አለው? ውኃ ከየት ይቀዳል? ህንድ በዚህ ሙያ ጀማሪ አይደለችም። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቷ ቦምቤይ ውስጥ የተከፈተው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዓለም ፌዴሬሽኑ በ1952 ሲመሠረትም ከአሥሩ መሥራቾች አንዷ ነበረች።

ታካሚዎቻችን የአካባቢው ኑሮ መስተዋት ነበሩ። ከዘንባባ ዛፍ ወድቆ አከርካሪው የተጎዳ ጎረምሳ፣ ሞተር ሳይክል የገጨው የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ዕድሜ ልኳን ቤቷ ተቀምጣ ቢዲ የተባለውን ትንሽ ሲጋራ ስትጠቀልል ጣቶቿ የተቆላለፉባት ሴት። ለንደን አልጋ በከፍታው ከወንበር ጋር እኩል ነው፤ ታካሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። እዚህ ግን ሰው መሬት ላይ ይበላል፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ ቁጢጥ ብሎ ይታጠባል። ስለዚህ ያ ጎረምሳ ጠዋት ጠዋት የሚለማመደው ከምንጣፍ ወደ ዊልቸር በክንዱ ጉልበት መውጣትን ነበር። እናቱ ከጎኑ አይለዩም። እያንዳንዱ ታካሚ አስታማሚ ነበረው፤ ምግብ ይዞ የሚመጣ፣ አልጋ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ የሚያድር። የአገሬ ሆስፒታል ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

የምታሠለጥነኝን ሴት ሁሉም «ማዳም» ይሏታልና እኔም እንደዚያው እላት ነበር። ሻይ ስንጠጣ የከተማዋን ታሪክ ትነግረኛለች። ከሁሉ ያስደነቀኝ የዶክተር ሜሪ ቨርጊስ ታሪክ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ኬረላ የተወለዱት እኚህ ሴት ቬሎር ላይ ሕክምና ተምረው ገና ወጣት ሐኪም ሳሉ፣ በ1954 በመኪና አደጋ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። በዚያው ከተማ ዶክተር ፖል ብራንድ የሥጋ ደዌ ያጣመማቸውን እጆች በቀዶ ሕክምና ያቃኑ ነበር። ወጣቷ ሐኪም በዊልቸር ተቀምጠው ቀዶ ሕክምና ተለማመዱ፤ ቆመው መሥራት ያልቻሉትን ተቀምጠው የሌሎችን እጅ መለሱ። በ1966 ደግሞ ቬሎር ውስጥ የመልሶ ማቋቋሚያ ማዕከል ተከፈተና መሪው ሆኑ። «ዶክተር ቨርጊስ ምን እንዳጡ ሳይሆን ምን እንደቀራቸው ቆጠሩ» አለችኝ። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚታከሙበት አለርት አጠገብ ስናልፍ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥም እጅ ይቃና እንደነበር የገባኝ ቬሎር ላይ ሻይ እየጠጣሁ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት በእጄ ገቡ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አዝሎታል። ስማቸውን ልተወውና፣ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «አማ» ልበላቸው። አማ በታሚል እናት ማለት ነው፤ እኛ እማማ እንደምንለው። እሳቸውም እኔን መልሰው «ማ» ይሉኛል። ያገሬ እናቶች ልጃቸውን «እናቴ» ብለው እንደሚጠሩት፣ እዚያም ትልቅ ሰው ትንሿን ልጅ በእናት ስም ይጠራታል።

ሻንጣዬ ውስጥ ከለንደን ያመጣሁት እጀታው የወፈረ ማንኪያ ነበረኝ። ቀኝ እጅ ሲዝል ግራውን ማሠልጠን ተምሬያለሁና፣ በምሳ ሰዓት ማንኪያውን አማ ግራ እጅ ውስጥ አስያዝኩ። ጣታቸውንም በጣቴ ገጠምኩላቸው። አማ ማንኪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ቀስ ብለው አስቀመጡት። ከዚያ የሳሪያቸውን ጫፍ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ምራታቸው ወደ ግድግዳ ዞረች። ያን ቀን አማ ምሳ አልበሉም። እኔም መዝገባቸው ላይ «ታካሚዋ ለመለማመድ ፈቃደኛ አይደሉም» ብዬ ጻፍኩ።

ማዳም አነበበችው። አልተቆጣችም። «አንቺ አገርሽ በየትኛው እጅሽ ነው የምትበዪው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በግራ እጄ እንጀራ ልቆርስ ስዘረጋ አያቴ ስንት ጊዜ ጣቴን መታ አድርጋ መልሳኛለች። ግራ እጅ ለምን ሥራ እንደሆነ የማያውቅ ያገሬ ሕፃን የለም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ነጭ ጋዋን ስለብስ ግን ያደግሁበትን ገበታ ረስቼ፣ አንዲት ባልቴት በሰው ፊት በግራ እጃቸው እንዲበሉ አድርጌ ነበር። እንዳላዋረድኳቸው ለራሴ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነም። መዝገቡን ተቀብዬ የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤ ሥሩም የሆነውን እንደሆነ ጻፍኩ።

ማታ ክፍሌ ውስጥ ቀኝ እጄን እንደዛለ አድርጌ ሩዝ ለማንሣት ሞከርኩ። ክንዴን እንደሳቸው ልቅ ሳደርገው እጄ ከገበታው አልነሣ አለኝ። ያኔ ሰውነቴ ራሱ አስታወሰኝ። ለትልቅ ሰው ሲኒ ስናቀብል በቀኝ እንይዛለን፣ በግራ እጃችን ደግሞ የቀኙን ክንድ ከሥር ደገፍ እናደርጋለን። አክብሮት ነው። ግራ እጄን ከቀኝ ክርኔ ሥር አስገባሁና ከፍ አደረግሁ። ቀኝ እጄ አፌ ጋ ደረሰ። የጎረሰው ቀኙ ነው፤ ግራው የደገፈ ብቻ ነው።

በማግስቱ ለማዳም አሳየኋት። የአማን ትከሻ መርምራ፣ አንጓቸው እንዳይታጠፍ በቆዳ ማሰሪያ የሚያዝ ቀላል የእጅ ድጋፍ አሠራችላቸው። ገበታውን ከፍ አደረግን፤ ሩዙ እንዳይበተን ወጡን አወፈርነው፤ ሳሕኑንም ጠርዝ ያለው አደረግነው። አማ ግራ እጃቸውን ከክርናቸው ሥር ሳደርግላቸው ወዲያው ገባቸው፤ ምራታቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሜዱዋ፣ ሜዱዋ» እላቸዋለሁ፤ ቀስ ብለው፣ ቀስ ብለው። የመጀመሪያው ሳምንት ሩዙ ከአፋቸው ይልቅ ጭናቸው ላይ ይወርድ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጉርሻው ሳይንጠባጠብ ደረሰ። አማ አኝከው ዋጡ። ሁለተኛውን ሩዝ ረጅም ጊዜ ወስደው ጠቀለሉ። ክንዳቸውን ደግፈው አነሡትና ወደኔ አፍ አመጡት። ጎረስኩ።

ሌሊቱን ሙሉ አያቴን ሳስብ አደርኩ። አያቴን ስትሮክ የመታት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እኔ 11 ዓመቴ ነበር። ደሴ ሰፈራችን ውስጥ እንደሷ ቡና የሚያፈላ አልነበረም። ጀበናዋን ስታዘነብል ሲኒው ሞልቶ ጠብ አትልም። ከታመመች በኋላ ግን ቤቱ ሁሉ በፍቅር ተረባርቦ ሥራዋን ወሰደው። «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ደክመሻል፣ ዕድሜ ለልጆችሽ» አልናት። አጎረስናት፣ አጠብናት፣ አለበስናት። ግድግዳውን ተደግፋ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር፣ «እስቲ ረከቦቱን አቅርቢልኝ» አለችኝ። አቀረብኩ። በግራ እጇ ሲኒ አንሥታ ልትደረድር ስትጀምር ሲኒው ከሲኒው ተጋጭቶ ጮኸ። «ተይ እኔ» ብዬ ከእጇ ወሰድኩባት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ማንም ክፉ አልሠራባትም፤ ሁላችንም እንወዳት ነበር። ግን ከቤቷ ሥራ አንድ በአንድ እያወጣን ከቤቷ እንግዳ አደረግናት።

በስድስተኛው ሳምንት አማ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እኔና ማዳም ቤታቸውን ልናይ ሄድን። መንደሩ ፓላር ከሚባለው ወንዝ አጠገብ ነው፤ ወንዙ ግን ከውኃው አሸዋው ይበዛል። የበሩን መቃን ለካን፣ ሁለቱን ደረጃዎች ቆጠርን፣ መጸዳጃው ጋ ምን ዓይነት መያዣ እንደሚተከል ተነጋገርን። አልጋቸው በሩ አጠገብ ተዘርግቶላቸዋል። ምራታቸው ደግ ሴት ናት። «እስካሁን 40 ዓመት ለፍተዋል፤ ከእንግዲህ እያዩ ይቀመጡ፤ እኛ አለን» አለች። አማ ዝም ብለው በበሩ ወደ ደጃፉ ያያሉ። ምራታቸው የሣለችው ኮላም እዚያ ነበር። ማዳም ጠየቀቻቸው፤ «አማ፣ ምን ይናፍቅዎታል?» በዛለው እጃቸው ሁለት ጣት ገጠሙና አየር ላይ ነጥብ አስቀመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ኮላም ሆነ። ገበያ ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ አለ፤ ዱቄት ሞልተው ሲያንከባልሉት ሥዕሉን ራሱ ያወጣል። አማ አልፈለጉትም። መቆንጠጥ ነው የፈለጉት። መጀመሪያ ትሪ ላይ አሸዋ ዘርግተን በጣት ተለማመዱ፤ ቀጥሎ ጥራጥሬ መልቀም፤ ቀጥሎ ደረቅ ዱቄት። ጎንበስ ሲሉ ግን ሚዛናቸው ይስታል። እኔ ያን ጊዜ ወረቀት ላይ በርጩማ ሣልኩ፤ ባለ ሦስት እግር፣ ዝቅ ያለች፣ ያገሬ ሴቶች ቡና ሲያፈሉ የሚቀመጡባት። አናጢው አይቶ ሳቀና በሁለት ቀን ሠርቶ ሰጠኝ። አማ በርጩማዋ ላይ ሲቀመጡ መሬቱ እጃቸው ሥር መጣ።

የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ እዚያ የሥራ ቀን ነው። ጠዋት እናቴ ደውላ ዶሮው ሲጠበስ ድምፁን አሰማችኝ። በዓሌ መሆኑን አማ ከማዳም ሰምተው ኖሮ፣ ልምምድ ልናደርግ ቤታቸው ስደርስ በክር የተሰካ የጃስሚን አበባ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ምራታቸው ጸጉሬ ላይ ሰካችልኝ። የ43 ቀን ጾሜን የፈታሁት እነሱ ቤት፣ በእርጎና በሩዝ ነው።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ፖንጋል ደረሰ። የመከር በዓላቸው ነው። አዲስ ሩዝ በወተትና በጥቁር ስኳር በሸክላ ድስት ደጅ ይጣዳል፤ ገንፍሎ ሲፈስ ሁሉም «ፖንጋሎ ፖንጋል!» ይላሉ፤ መገንፈሉ የበረከት ምልክት ነው። ያን ቀን ጎሕ ሳይቀድ ነበር አማ ቤት የደረስነው። ምራታቸው ደጃፉን ጠርጋ ውኃ ረጭታለች። አማ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው፣ ግራቸውን ከቀኝ ክርናቸው ሥር አድርገው፣ ነጥቦቹን ጀመሩ። ሰባት ነጥብ። ከዚያ መስመሩ። የጎረቤቶቹ ኮላም መንገዱን ሞልቶ በቀለም ሲያሸበርቅ የእሳቸው ከአንድ ትሪ አይበልጥም፤ መስመሩም ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ምራታቸው የተቆረጠውን ልትቀጥል በፍቅር ጎንበስ አለች። አማ ግራ እጃቸውን ከክርናቸው አውጥተው እጇን መለሱት። እንደገና ክንዳቸውን ደገፉና ቆንጥረው ራሳቸው ቀጠሉት። ምራታቸው ቀና ብላ ቆመች፤ እንባዋንም አልደበቀችም። የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ።

ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው ልሰናበታቸው ሄድኩ። የማውቀውን ቃል ተጠቅሜ «ፖሬን» አልኩ፤ እሄዳለሁ። አማ ጣታቸውን ከንፈሬ ላይ አደረጉ። ታሚሎች ሲለያዩ «እሄዳለሁ» አይሉም፤ «ፖዪትቱ ቫሬን» ነው የሚሉት፤ ሄጄ እመጣለሁ። እኛም ከቤት ስንወጣ «መጣሁ» እንላለን። እንዳስተማሩኝ አልኩላቸውና ወጣሁ።

እስካሁን አልተመለስኩም። ለንደን ውስጥ በሙያዬ እየሠራሁ ነው። የታካሚ ቤት ስገባ ገና ምንም መሣሪያ ሳላወጣ የምጠይቀው «ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚሠሩት ምን ነበር?» ብዬ ነው። የእናቴ ጣቶች ደግሞ ከጥቂት ዓመት ወዲህ በቁርጥማት እብጥ ብለዋል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቡና ታፈላለች። ጀበናዋን ስታነሣ አንጓዋ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው እሑድም እጄ ራሱ ተዘርግቶ ነበር፤ «ተይ እኔ» የሚለው ቃልም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጄን ሰብስቤ ጭኔ ላይ አደረግሁት። እናቴ ግራ እጇን ከቀኝ አንጓዋ ሥር አስገባች፣ ጀበናውን አዘነበለች፣ አንድ ሁለት ጠብታ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ሲኒውን አቀበለችኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኳት።